ፉከራና ሙሾ፦ ፖለቲካዊ የጦርነት ፊልሞች ለታዳጊዎች ያላቸው ተስማሚነትና ተመልካችን የሚከፋፍሉበት ምክንያት

መግቢያ

የጦርነት ፊልም ለታዳጊ ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው ደም በመለካት ነው። ስንት ሰው ተገደለ፣ ግድያው ምን ያህል በቅርብ ታየ፣ ስድብ አለበት ወይ ተብሎ ይቆጠርና ዕድሜ ይለጠፍበታል። አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1984 ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጆች እንዲጠነቀቁ የሚያሳስበውን የፊልም ደረጃ ያወጡት በዚህ አካሄድ ነው። ውጤቱ ግን እንደታሰበው አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በዚሁ ደረጃ በሚወጡ ተወዳጅ ፊልሞች ውስጥ የሚታየው የጠመንጃ ጥቃት ከ1985 ወዲህ ከሦስት እጥፍ በላይ ማደጉን አሳይቷል። ደሙ እስካልታየ ድረስ ተኩሱ ቢበዛ ግድ የለም እንደ ማለት ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ከመካነ ሰላምና ከአጎራባች የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች አንጻር ያነሣዋል። መሠረቱ የፊልሞች ንባብና ቀደም ሲል የታተሙ ጥናቶች ናቸው። የሚያቀርበው ክርክርም የአንድ ፖለቲካዊ የጦርነት ፊልም ተስማሚነት የሚወሰነው በሚያሳየው የደም መጠን ሳይሆን ለሟቾች በሚሰጠው ቦታ፣ እንዲሁም በፊልሙ ጦርነትና በልጁ ቤት መካከል ባለው ርቀት ነው የሚል ነው። ተመልካችን የሚከፋፍለውም ይኸው የሟቾች ጉዳይ ነው።

ተመልካቹ ማን ነው?

በ2018 ዓ.ም. 16 ዓመት የሞላው የመካነ ሰላም ተማሪ፣ በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር የ11 ዓመት ልጅ ነበር። በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሲገቡ 12 ዓመቱ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ 13 ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የጉርምስና ዘመኑ ደግሞ ያለፈው በግጭት መካከል ነው። ስለዚህ ጦርነትን በፊልም ማየት ልጁን ይጎዳዋል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ጥያቄው ዘግይቶ የደረሰ ነው። ልጁ ጦርነትን ከፊልም በፊት ያውቀዋል።

ፊልሙ ወደ ልጁ የሚደርሰውም ትኬት ቆራጭ በር ላይ ቆሞ ዕድሜ እየጠየቀ አይደለም። ትናንት በቪዲዮ ቤትና ሜሞሪ በሚጭን ሱቅ በኩል ነበር፤ ዛሬ በቴሌግራምና በቲክቶክ በኩል ነው። ሁለት ሰዓት ከሚፈጅ ፊልም ይልቅ የሠላሳ ሰከንድ ቁራጭ ቶሎ ይዛመታል። ቁራጩ ተኳሹን ያሳያል፣ ዘፈን ይጫንበታል፣ ያልቃል። የሟቹን ቤት አያሳይም። እንደ ጸሐፊው እምነት፣ ስለ ፊልም ተስማሚነት የሚጨነቅ ወላጅና መምህር መጀመሪያ ሊጨነቅ የሚገባው ስለዚህ ቁራጭ ነው።

ሕጉም ቢሆን ጉዳዩን ከደም መጠን አሻግሮ አይቶታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 6፣ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት በአስተሳሰቡ ይዘት ምክንያት ሊገደብ እንደማይችል ከደነገገ በኋላ የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ ሕጋዊ ገደብ ሊወጣ እንደሚችል ይገልጻል። በዚያው ንዑስ አንቀጽ የጦርነት ቅስቀሳን ይከለክላል። የወጣቱ ደኅንነትና የጦርነት ቅስቀሳ እንዲህ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ሊታለፍ የሚገባው አይመስልም።

ፉከራና ሙሾ

የደጋው ሕዝብ ስለ ጦርነት የሚናገርባቸው ሁለት ጥንታዊ የቃል ጥበቦች አሉት። ፎካሪው ስለ ራሱ ይናገራል፤ ገድሉን፣ መሣሪያውን፣ ዘሩን ይጠራል፤ የሰሚው ደም እንዲሞቅ ይፈልጋል። ሙሾ ደግሞ በሌላ ሰው አፍ የሚነገር የሟች ታሪክ ነው። አልቃሿ የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የተዋቸውን ልጆች እየጠራች ሰሚው የጎደለውን እንዲቆጥር ታደርጋለች። የጦርነት ፊልምም ተመልካቹን ከነዚህ በአንዱ ቦታ ያስቀምጠዋል ማለት ይቻላል።

ሁለቱን ፍጹም ተቃራኒ አድርጎ ማቅረብ ግን ስሕተት ነው። በጀግና ለቅሶ ላይ በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። የሟቹ ጠመንጃና ልብስ ወጥቶ እየታየ ይፎከርለታል፤ እዚያው ሙሾ ይወርድለታል። ፎካሪው የሚፎክረው በአልቃሿ ፊት ነው፤ ዋጋውን እየሰማ። ለታዳጊ አደገኛ የሚሆነው ፊልም ይህን ትስስር ቆርጦ ፉከራውን ብቻ የሚያስቀረው ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኅዳር 26 ቀን 1928 የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ «አብራሪው ሉቺያኖ ሴራ» የተባለ የኢጣልያ ፊልም በቬኒስ ፌስቲቫል የሙሶሊኒን ዋንጫ ተሸለመ። ፊልሙ በከፊል የተቀረጸው በኢትዮጵያ ምድር ሲሆን በበላይነት የተከታተለው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነበር፤ እርሱም በዚያው ጦርነት ቦምብ ጣይ አብራሪ የነበረ ነው። ታሪኩ የአባትና የልጅ ነው። አባት በሐሰት ስም ወደ ኢትዮጵያ ዘምቶ፣ የቆሰለ አብራሪ ልጁን አድኖ ይሞታል። ፍቅር አለ፣ ናፍቆት አለ፣ መሥዋዕትነት አለ። በዕድሜ መለኪያ ቢመዘን ብዙ የሚከለከልበት ነገር ላይገኝ ይችላል። ሆኖም በፊልሙ ከአውሮፕላኑ በታች ያለው ሰው ስም የለውም፤ የሚያለቅስለትም የለም። ለወጣት ልብ ከዚህ የበለጠ የተሰላ ወጥመድ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በሌላው ጫፍ የሶቪየቱ ዳይሬክተር ኤሌም ክሊሞቭ እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራው «ናና እይ» ይገኛል። ከጽሑፉ ደራሲዎች አንዱ አሌስ አዳሞቪች በጉርምስናው ራሱ ደፈጣ ተዋጊ የነበረ ቤላሩሳዊ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ታዳጊው ፍሎርያ ከአሸዋ ውስጥ ጠመንጃ ይቆፍራል፤ መሣሪያ ሳይዝ ከአርበኞቹ ጋር መቀላቀል አይችልምና። ጠመንጃ የወንድነት ማዕረግ በሆነበት ደጋ ይህ ትዕይንት ማብራሪያ አያሻውም። በፊልሙ መጨረሻ የልጁ ፊት የሽማግሌ ፊት ሆኗል። በሂትለር ምስል ላይ ደጋግሞ ሲተኩስ ዘመን ወደኋላ ይመለሳል፤ ሂትለር በእናቱ ጭን ላይ ያለ ሕፃን እስኪሆን ድረስ። እዚያ ላይ የልጁ ጣት ይቆማል። ፊልሙ በሰቆቃው ብዛት ከጣልያኑ ፊልም ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ነገር ግን ተመልካቹን የሚያስቀምጠው ከአልቃሿ ጎን ነው።

ጤዛ

ከኢትዮጵያ ፊልሞች ለዚህ ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። በጀርመን የተማረው አንበርብር አብዮቱን፣ የወዳጁን የተስፋዬን አሟሟትና በጀርመን በዘረኞች ጥቃት እግሩን ማጣቱን ተሸክሞ፣ በደርግ መጨረሻ ዓመታት ጣና አጠገብ ወዳለው የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። መንደሩ ውስጥ ታዳጊዎች ከአፈሳ ለማምለጥ በዋሻ ተደብቀዋል።

በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የሚመለከተው ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ነበር። በፊልሙ የሚታደኑት ግን ገና ልጆች ናቸው። በወሎ ደጋ ዛሬ ሃምሳዎቹን የተሻገረ አባት የአፈሳን ዘመን በራሱ ዕድሜ ያስታውሰዋል፤ ስለዚህ ፊልሙ ለልጁ የሚያሳየው በአንድ በኩል የአባቱን ጉርምስና ነው። አባት ይህን ለልጁ ተርኮለት ከሆነ ፊልሙ ለንግግር ማስቀጠያ ይሆናል፤ ካልተረከለትም ዝምታውን ያነሣል። (በቤተሰብ ዝምታ ረገድ የታማራ ማርያም ዳዊት «ሳሊን ፍለጋ» የተሰኘው የ2020 ዘጋቢ ፊልም፣ ኢሕአፓን ተቀላቅላ የጠፋች አክስትን ታሪክ በዘመዶች ትውስታ በኩል ስለሚያቀርብ ለትምህርት ቤት ይበልጥ ይቀላል።)

«ጤዛ» ቀላል ፊልም አይደለም። 140 ደቂቃ ይወስዳል፣ ዘመኑ ይፈራረቃል፣ ግድያው በቅርብ ይታያል። ከ16 ዓመት በታች ላለ ተማሪ፣ ለትዕይንቶቹ ብርታት ብቻ ሳይሆን ለታሪክ ዳራው ጭምር፣ ይከብዳል። ከዚያ በላይ ላለው ግን ለዓላማ ሲባል ሰው መግደል ምን እንደሚያስከትል ከገዳዩም ከሟቹም ወገን የሚያሳይ ስለሆነ ተስማሚ ነው የሚል አቋም ይህ ጽሑፍ ይይዛል።

ተመልካች ለምን ይከፋፈላል?

በ1954 እ.ኤ.አ. ሃስቶርፍና ካንትሪል የተባሉ አጥኚዎች ለሁለት ተፎካካሪ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች የአንድን የአሜሪካ እግር ኳስ ግጥሚያ ፊልም አሳይተው ጥፋት እንዲቆጥሩ ጠየቁ። ተማሪዎቹ ያዩት አንድ ፊልም ቢሆንም የቆጠሩት የተለያየ ነበር። በ1985 ደግሞ በስታንፎርድ የተካሄደ ጥናት ስለ ቤይሩቱ የ1982 ጭፍጨፋ የቀረቡ የቴሌቪዥን ዘገባዎችን ለእስራኤል ደጋፊዎችና ለዐረብ ደጋፊዎች አሳየ። ሁለቱም ወገኖች ያንኑ ዘገባ «በእኛ ላይ ያደላ ነው» አሉ። ስለዚህ ፊልሙ ሚዛናዊ ቢሆን ኖሮ ተመልካች አይከፋፈልም ነበር የሚለው ተስፋ ብዙም አያስኬድም። ሚዛናዊነቱ ራሱ ለሁለቱም ክህደት መስሎ ሊታይ ይችላል።

አገርም እንደ ተመልካች ይከፋፈላል። የሊቢያውን አርበኛ ዑመር ሙኽታርን ታሪክ የሚያሳየው «የበረሃው አንበሳ» በ1982 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ ታገደ፤ በቴሌቪዥን የታየው በ2009 ነው። የደሴው አንባቢ ይህን ሲሰማ ቢፈርድ አይገርምም። ፍርዱን ግን የራሱን ወገን ጥፋት የሚያሳይ ፊልም ሲመጣ በምን ያህል ትዕግሥት እንደሚቀመጥ ቢፈትሽበት ይጠቅመዋል።

ከእነዚህ ጥናቶች በተጨማሪ በደጋው ያለው ምክንያት የለቅሶ ነው። ተመልካች ወደ ጦርነት ፊልም የሚመጣው የራሱን ሟች ይዞ ነው። በአንድ የመካነ ሰላም ክፍል ውስጥ የአንዱ ወንድም መከላከያ፣ የሌላው አባት ሚሊሻ፣ የሦስተኛው የአጎት ልጅ ጫካ የገባ ሊሆን ይችላል። ከመካከላቸው ሬሳው ያልተገኘ፣ ለቅሶው በወጉ ያልተለቀሰ ሲኖር ፊልሙ ያንን የተቋረጠ ለቅሶ ይቀሰቅሰዋል። ሟቹ በፊልሙ ውስጥ ቦታ ካላገኘ ተመልካቹ ፊልሙን ውሸት ይለዋል። ክርክሩ የፖለቲካ ቢመስልም ሥሩ የተነፈገ ሙሾ ነው።

ስለ ክፍል ውስጥ አጠቃቀም

ልጆቹ በቂ መከራ አይተዋልና ተዋቸው የሚል መከራከሪያ አለ፤ ክብደትም አለው። ቤቱ ሲቃጠል ያየ ልጅ «ናና እይ» ውስጥ ያለውን የመንደር ቃጠሎ እንዲያይ ማድረግ ማስተማር አይደለም። ነገር ግን መተው ማለት ልጁን ከሠላሳ ሰከንዱ ቁራጭ ጋር ብቻውን መተው ማለት ሊሆን ይችላል። መካከለኛው መንገድ ከርቀት መጀመር ነው። የሩቅ አገር ወይም የሩቅ ዘመን ጦርነት ይቅደም፤ የ2013ቱና የ2015ቱ ግጭቶች ግን፣ ስለ እነርሱ ፊልም ቢኖርም፣ ገና የክፍል ውስጥ ርእስ አይደሉም።

ምክንያቱ የስሜት ብቻ ሳይሆን የደኅንነትም ነው። በግጭት ቀጣና ተማሪን «ማን ትክክል ነበር?» ብሎ በጓደኞቹ ፊት መጠየቅ የቤተሰቡን አቋም እንዲያጋልጥ ማስገደድ ነው። መምህሩንም ቢሆን ለአደጋ ይዳርገዋል። ከዚህ ይልቅ ከፊልሙ ውስጥ ሊቆጠር የሚችል ነገር ይጠየቅ፦ ካሜራው በማን ትከሻ ላይ ነው? ከሞቱት ውስጥ ስም ያላቸው ስንቶቹ ናቸው? የሚለቀስላቸውስ? አንድ የውጊያ ትዕይንት ድምፁ ጠፍቶ ሁለተኛ ይታይና ሙዚቃው ሲጎድል ምን እንደተለወጠ ይጻፍ። የመጨረሻው ልምምድ በተለይ ዘፈን ለተጫነባቸው ቁራጮች ይሠራል፤ ተማሪው በስልኩ ብቻውን ሲሆንም ሊደግመው ይችላል።

ከመታየቱ በፊት ታሪኩ ይነገር፣ ከባዱ ትዕይንት የት እንዳለ ይገለጽ፣ በሩ ክፍት ይሁን፤ የወጣ ተማሪም ለምን ወጣህ አይባል። መልሶቹ በጽሑፍ የሚሰበሰቡ ከሆነ በወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍም፤ ወረቀቱም ከክፍሉ አይወጣም።