የታመመ አእምሮና የፍርድ ሚዛን

የሰው ደም በፈሰሰ ጊዜ የሟች ወገን ፍርድን ይሻል፤ መሻቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ፍርድ የፈሰሰውን ደም ብቻ ሳይሆን እጅን ያዘዘውን ልቡናም ይመረምራል። አስቦና ተዘጋጅቶ የገደለ፣ ሳያስብ የገደለ፣ አእምሮው ታሞ የገደለ በአንድ ሚዛን አይመዘኑምና።

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 35 ሳያውቅ ነፍስ ላጠፋ ሰው 6 የመማፀኛ ከተሞች ተለይተው ነበር። ይህ ሰው ሞት አይፈረድበትም፤ ሆኖም ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ከከተማይቱ አይወጣም። እንግዲህ አስተውል፤ ምሕረቱና መጠበቁ በአንድነት ተሰጡት እንጂ እንዲሁ አልተሰናበተም።

በአገራችንም በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የአእምሮን ነገር ለይቶ ደንግጎ ነበር፤ እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በዚያው ሥርዓት ጸንቷል። በአንቀጽ 48 መሠረት በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሥራውን ምንነትና ውጤት ሊረዳ፣ ወይም ራሱን ሊገዛ ፈጽሞ ያልቻለ ሰው አይቀጣም። አንቀጽ 49 ግን ችሎታው በከፊል ስለ ጎደለበት ሰው ይናገራል።

ምሳሌ እንስጥ። አንድ ሰው ታሞ፣ ጎረቤቱ መርዝ የሚያበላው እየመሰለው ብዙ ወራት በፍርሃት ኖረ፤ በመጨረሻም ገደለው። ጩቤውን መሸሸጉ መግደል ክልክል መሆኑን እንዳልዘነጋ ያሳያል፤ ነገር ግን ከደዌው የተነሣው ፍርሃት ፈቃዱን አድክሞታል። ይህ ሰው በመካከል የቆመ ነው። ተራ የሰው ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል፤ ለእንዲህ ያለው ግን ዳኛው በ5 ዓመቱ ወሰን ሳይታሰር ቅጣቱን ያቀልለታል፤ ደግሞም በሕክምና ስፍራ ተጠብቆ እንዲታከም ለማዘዝ ይችላል።

ይህ ማለት ግን ሕመም ሁሉ ያድናል ማለት አይደለም። የሚጠየቀው ድርጊቱ በተፈጸመባት በዚያች ሰዓት አእምሮው እንዴት ነበር የሚለው ነው። ወንጀል ለመሥራት አስቦ በመጠጥ አእምሮውን የሰወረም በአንቀጽ 50 መሠረት በዚህ ምሕረት አይጠለልም። በአንቀጽ 51 እንደ ተደነገገው፣ ጥርጥር ሲኖር ዳኛው ባለሙያ ሐኪም ይጠይቃል፤ ሐኪሙ ስለ ሕመሙ ይመሰክራል፤ ፍርዱ ግን የዳኛው ነው።

ሐኪምም ሆነ ዳኛ እውነትን የሚያገኙት ግን ከቤተ ዘመድ ጭምር ነው። ብዙ ቤተሰብ የልጁን ሕመም እንደ ገመና ቆጥሮ ይሰውራል፤ እንዲህ በማድረጉ አስቀድሞ ሕክምናን፣ በኋላም ትክክለኛ ፍርድን ይነፍገዋል። ሌላው ደግሞ ጤነኛውን እብድ ነው ብሎ ይመሰክራል፤ ይህም በሟች ደም ላይ መዋሸት ነው።

የሟች ወገን ሆይ፣ ቅጣቱ የቀለለው የሟች ነፍስ ስለ ቀለለች አይደለም፤ የገዳዩ ልቡና ስለ ታመመ ነው። ስለዚህ ቂምን ይዘህ ደም ለመመለስ አትነሣ። አንተ የምትገድለው በጤናማ አእምሮ ነውና፣ የእርሱ ምክንያት ለአንተ አይሆንህም።