ዘፋኙ ኦቲስ ሬዲንግና ሸክላዎቹ

ዛሬ ዘፈን በእጅ ስልክ ይሰማል። ቀድሞ ግን ዘፈን ገበያ የሚወጣው በሸክላ ነበር። ሸክላ እንደ ምጣድ ክብና ዝርግ፣ መልኩ ጥቁር ነው። ፊቱ ላይ ቀጭን መስመር ተቀርጾበታል። መርፌው በመስመሩ ላይ ሲሄድ ድምፅ ይወጣል። መሀሉ ላይ ክብ ወረቀት ይለጠፋል። በወረቀቱ ላይ የዘፈኑ፣ የዘፋኙና የአሳታሚው ኩባንያ ስም ይጻፋል።

በዚህ ትምህርት የአንድ ዘፋኝ ሸክላዎችን ታሪክ እንመለከታለን። ዘፋኙ ኦቲስ ሬዲንግ ይባላል። አገሩ አሜሪካ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአራሽ ልጅ

ኦቲስ በ1941 ጆርጂያ በሚባለው ግዛት፣ በዳውሰን ከተማ ተወለደ። ያደገው ሜከን በምትባል ከተማ ነው። አባቱ በሰው መሬት ላይ የሚያርስ የእኩል አራሽ ነበር። የእኩል አራሽ ኑሮ ምን እንደሚመስል ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም። ልጁ በቤተ ክርስቲያን ይዘምር ነበር። አባቱ ሲታመም በ15 ዓመቱ ትምህርቱን አቋረጠ። የውሃ ጉድጓድ እየቆፈረና ነዳጅ ማደያ እየሠራ ቤተሰቡን ረዳ።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ትምህርት ቤቱም፣ ምግብ ቤቱም ለየብቻ ነበር። ሶል የተባለው ሙዚቃ ያደገው በዚህ ኑሮ ውስጥ ነው። ሶል ማለት ነፍስ ማለት ነው። ጥቁሮች በቤተ ክርስቲያን የሚዘምሩበትን አዘማመር ይዞ ስለ ፍቅር፣ ስለ ናፍቆትና ስለ ኑሮ ይዘፍናል።

የመጀመሪያው ሸክላ

በ1962 ኦቲስ አንድ ጊታር ተጫዋች በመኪና ይዞ ወደ ሜምፊስ ከተማ ሄደ። ቦታው ስታክስ የሚባል የሸክላ ኩባንያ ነበር። ኩባንያው የሚሠራው በአሮጌ ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው። የዚያን ቀን የጊታሩ ቀረጻ አልሰመረም። ጥቂት ጊዜ ተረፈ። ታዲያ ኦቲስ «እኔስ ልሞክር?» አለና ዘፈነ። «እነዚህ ክንዶቼ» የተባለው ዘፈን በዚያ ቀን ተቀዳ። ሾፌር ሆኖ የመጣው ሰው ዘፋኝ ሆኖ ተመለሰ።

ደረጃ እንዴት ይሰጣል?

አንድ ዘፈን ምን ያህል እንደተወደደ በምን ይታወቃል? በአሜሪካ ቢልቦርድ የሚባል መጽሔት አለ። ይህ መጽሔት ከ1958 ጀምሮ 100 ዘፈኖችን በየሳምንቱ በተርታ ያወጣል። በኦቲስ ዘመን የመጽሔቱ ሰዎች ባለሱቆችን «በዚህ ሳምንት የትኛው ሸክላ በብዛት ተሸጠ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ሬዲዮ ጣቢያዎችንም የትኛውን ዘፈን ደጋግመው እንዳሰሙ ይጠይቃሉ። ከዚያ ደምረው ደረጃ ይሰጣሉ። ከዚህ ሌላ የጥቁሮች ሙዚቃ ለብቻው ተርታ ነበረው።

እዚህ ላይ ቁጥሩን እንዳንሳሳት። በእህል ሚዛን ብዙ ቁጥር ማለት ብዙ እህል ነው። በዘፈን ተርታ ግን ትንሹ ቁጥር ይበልጣል። 1ኛ የወጣው ከሁሉ የላቀ ነው። አሁን የኦቲስን ሸክላዎች ደረጃ እናንብብ።

«እነዚህ ክንዶቼ»፣ የወጣበት ዓመት 1962፦ በጠቅላላው ተርታ 85ኛ፣ በጥቁሮች ሙዚቃ ተርታ 20ኛ።

«ለረጅም ጊዜ ወድጄሻለሁ»፣ 1965፦ በጠቅላላው 21ኛ፣ በጥቁሮች ሙዚቃ 2ኛ።

«አክብሮት»፣ 1965፦ በጠቅላላው 35ኛ፣ በጥቁሮች ሙዚቃ 4ኛ።

ከቁጥሮቹ ምን እንረዳለን? ያው ዘፈን፣ ያው ድምፅ ነው። ነገር ግን በአንዱ ተርታ ከፊት፣ በሌላው ከኋላ ይገኛል። ተለያይቶ የሚኖር ሕዝብ ዘፈን የሚሰማውም ተለያይቶ ነበርና።

በ1967 ደግሞ አሬታ ፍራንክሊን የተባለች ዘፋኝ «አክብሮት»ን በራሷ መንገድ ዘፈነችው። በኦቲስ ዘፈን አክብሮት የሚጠይቀው ከሥራ ወደ ቤቱ የሚመለስ ወንድ ነው። በእሷ ዘፈን ግን ጠያቂዋ ሴቲቱ ናት። ሸክላው በሁለቱም ተርታዎች 1ኛ ወጣ። ዘፈኑን የደረሰው ኦቲስ ስለሆነ ከሽያጩ የደራሲ ድርሻ ነበረው። ድምፅ አንድ ሀብት ነው፤ ድርሰት ደግሞ ሌላ ሀብት ነው። የአራሹ ልጅ በጊዜው በጆርጂያ 300 ኤከር መሬት ገዛ። ይህ በእኛ ሦስት ጋሻ ያህል ይሆናል።

የመጨረሻው ሸክላ

በ1967 መጨረሻ ኦቲስ ከጊታር ተጫዋቹ ስቲቭ ክሮፐር ጋር አንድ አዲስ ዘፈን ደረሰ። ዘፈኑ በወደብ ዳር ተቀምጦ ውሃውን ስለሚመለከት ሰው ነው። ቀረጻው በዲሴምበር መጀመሪያ ላይ አለቀ። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 10 ቀን፣ ኦቲስን የያዘችው ትንሽ አውሮፕላን ዊስኮንሲን በሚባለው ግዛት ሐይቅ ውስጥ ወደቀች። ከተሳፋሪዎቹ አንድ ሰው ብቻ ተረፈ። ኦቲስ የ26 ዓመት ወጣት ነበር።

ክሮፐር በሐዘን ውስጥ ሆኖ ሥራውን ጨረሰ። በዘፈኑ ላይ የማዕበልና የባሕር ወፎች ድምፅ ጨመረበት። ሸክላው በ1968 በጃንዋሪ ወጣ። በማርች ወር በጠቅላላው ተርታ 1ኛ ሆነ፤ አራት ሳምንትም በዚያው ቆየ። በጥቁሮች ሙዚቃ ተርታም 1ኛ ወጣ። በዚያ የ100 ዘፈኖች ተርታ ሰው ከሞተ በኋላ 1ኛ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ተርታዎች ተገናኙ። ዘፋኙ ግን ይህን አላየም።

ሳይነበብ የተፈረመ ውል

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። ስታክስ ሸክላዎቹን በአገሩ ሁሉ የሚያከፋፍልለት አትላንቲክ የሚባል ትልቅ ኩባንያ ነበር። ሁለቱ በመጀመሪያ የተስማሙት በቃል ነው። በ1965 ግን በጽሑፍ ተዋዋሉ። የስታክስ ባለቤት ጂም ስቱዋርት ቀድሞ የባንክ ሠራተኛ ነበር። ማንበብ ያውቃል። ነገር ግን ሰውየውን አምኖ ውሉን በሚገባ ሳያነብ ፈረመ።

በ1967 አትላንቲክ ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። በ1968 ስታክስ ከአትላንቲክ ሊለያይ ሲል ውሉ ተገለጠ። አትላንቲክ ያከፋፈላቸው የሸክላ ዋና ቅጂዎች ባለቤት አትላንቲክ ነው የሚል ቃል በውስጡ ነበረ። በዚህም የኦቲስ ቅጂዎች ከስታክስ እጅ ወጡ። ዘፋኙን በሞት ያጣው ቤት ድምፁንም አጣ። ስታክስ እንደገና ቢነሣም በ1975 መጨረሻ ከሰረ።

በአገራችንም የሸክላ ዘመን ነበረ። አምሃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምሩ መጀመሪያ ያወጡት የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ነው። ዛሬም ሸክላ ያላችሁ በመሀሉ ያለውን ወረቀት አንብቡ። የማን ድምፅ፣ የማን ድርሰት፣ የማን ኅትመት እንደሆነ ይነግራችኋል።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ማን እንደሚወርስ የሚያሳውቀው ያው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ የብድርም ሆነ የመሬት ኪራይ ውል ሲቀርብላችሁ ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ያልገባችሁን ቃል ጠይቁ። ፊርማ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በዘፈን ተርታ 4ኛና 35ኛ ከወጡት የትኛው ይበልጣል? ለምን?

2. የ«አክብሮት» ድርሰት የማን ነበር? 1ኛ የወጣው በማን ድምፅ ነው?

3. ጂም ስቱዋርት ማንበብ እያወቀ የተጎዳው ለምንድን ነው?

4. በአካባቢያችሁ ሳይነበብ በተፈረመ ወረቀት የተጎዳ ሰው አለ? ምን ማድረግ ይችል ነበር?