በዐሥራ አንድ ሰዓት የተጠራው ሠራተኛ

በእንጅባራና በዳንግላ አጥቢያዎች የምንኖር ካህናትና ምእመናን የወይንን ፍሬ አብዝተን የምናውቀው በዘቢብነቱ ነው። አገልጋዩ በቤተ ልሔም ዘቢቡን በውኃ ዘፍዝፎ፥ ጨምቆና አጥልሎ ለጽዋው ያዘጋጀዋል። ነገር ግን ያ ዘቢብ እሸት ዘለላ ሳለ በማን እጅ እንደ ተለቀመ፥ ለቃሚውም በምን ዐይነት ፀሐይ እንደ ዋለ የሚያስብ ጥቂት ነው። ይህን ማሰብ ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የተጻፈውን የወይን ቦታ ሠራተኞች ምሳሌ ለመረዳት ይረዳናል።

በመጀመሪያ ወራቱን እንመልከት። እኛ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብና ጉም ከቦን ጋቢ ተከናንበን በምንቀመጥበት ጊዜ፥ በኢየሩሳሌም አገር ሰማዩ ጠርቶ ፀሐዩ ይበረታል፤ ወይኑም የሚበስለው በዚያው ወራትና በመስከረም ነው። የበሰለ ወይን ቀን አይሰጥም፤ ቢዘገዩበት ወፍ ይበላዋል፥ ይበሰብሳልም። ልጡ ስስ ስለ ሆነ ዘለላው በእጅ ተይዞ በስለት ይቈረጣል። በአገራችንም በ2000ዎቹ ዓመታት በባቱ (ዝዋይ) አጠገብ በተተከለው ሰፊ የወይን እርሻ ፍሬው የሚለቀመው በሰው እጅ ነው።

ይህን የሚመስል ሥራ በአዊ ምድርም አለ። በጃዊ ቆላ ሰሊጥ ሲደርስ በጊዜው በእጅ ታጭዶና ታስሮ መቆም አለበት፤ ቢዘገይ ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ተሰንጥቆ ዘሩ በምድር ይፈስሳል። ስለዚህ የደጋው ሰው የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ ይወርዳል። ብርድ የለመደ ሰውነት በዚያ ሙቀት ጎንብሶ ሲያጭድ መዋል ምን እንደ ሆነ የሄደበት ያውቀዋል። እንግዲህ ወንጌሉ የቀኑን ትኩሳት የተሸከሙ ሠራተኞችን ሲያነሣ ቀላል ድካም አያነሣም።

ሁለተኛ ሰዓቱን እንመልከት። ባለቤቱ በጧት፥ በ3፥ በ6፥ በ9 እና በ11 ሰዓት ሠራተኛ ለመጥራት ወጣ። ይህ የእኛው አቈጣጠር ነውና መመንዘር አያሻንም፤ 11 ሰዓት ማለት ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ነው። መምህራን ይህን አንድም ከአዳም እስከ ሐዋርያት ስላሉት ዘመናት፥ አንድም ከሕፃንነት እስከ እርጅና ስለሚመለስ ሰው ዕድሜ ይተረጕሙታል።

ሦስተኛ ደመወዙን እንመልከት። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 የድኻው ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ እንዲከፈለው ያዝዛል፤ ነፍሱ በርሱ ላይ ተስፋ አድርጋለችና። በ11 ሰዓት የተጠራውም ሰው ሰነፍ አልነበረም፤ በገበያ ቆሞ የዋለው የሚቀጥረው አጥቶ ነው። ልጆቹ ግን እንደ ጧቱ ሠራተኛ ልጆች እራት ይሻሉ። ባለቤቱ ለሁሉም የሰጠው ዲናር የአንድ ቀን መኖሪያ ነበረ፤ የጧቱን ሠራተኛም ከተዋዋለው አላጐደለበትም።

በቅኔ ተማሪነቴ ዘመን ከጓደኞቼ ጋር በዳንግላ አቅራቢያ የአንድ ባለጠጋ ጤፍ ለማጨድ ወጥቼ ነበር። አንድ የደከመ ሽማግሌ ቀኑ ካለፈ በኋላ መጥቶ ጥቂት ነዶ አሰረ። ማታ ባለእርሻው ለእኛም ለእርሱም እኩል እህል ሰፈረልን። እኔም አጕረመረምሁ፤ ምሳሌውን በቃሌ አውቀው ነበር፥ ራሴን ግን በውስጡ አላየሁትም። ሽማግሌው እህሉን በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ በጨለማ ወደ ቤቱ ሲሄድ ያየሁት ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ፥ ወንድሞቼ ሆይ፥ በመከር ጊዜ ሠራተኛ የምንቀጥር ሁሉ ይህን እናስብ። ደቦና ወንፈል ያለው ሰው ብድሩን በጉልበት ይመልሳል፤ የቀን ሠራተኛ ግን ከዕለት ዋጋው በቀር ሌላ ጎተራ የለውም። ነገ ና፥ ከነገ ወዲያ ና ማለት እራቱን መንጠቅ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የተከለከለ የአጫጆች ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ይመሰክራል። እኛ ካህናት ይህን ለሌላው ስናስተምር ለደብሩ እርሻና ሕንፃ የምንቀጥረውን ሰው አንርሳ። ዘቢቡን ለጽዋው ስናዘጋጅ ያልተከፈለ ዋጋ በእጃችን እንዳይገኝ፥ ፀሐይ ሳይጠልቅ እጃችንን እንመርምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።