ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል
(በሰው ፊት የመናገርን ድፍረትና ሙያ ስለ ማዳበር የቀረበ ትምህርት)



በአምስተርዳም ምሥራቃዊ ክፍል በኢንዲሸ ቡርት የምንኖር፣ እንዲሁም በሮተርዳምና በዴን ሃግ የምትገኙ ወገኖቻችን ሁሉ በየስብሰባችን ደጋግመን የምናየው አንድ ነገር አለ። ጉዳዩን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ሰው ዝም ይላል፤ በጥቂቱ የሚያውቀው ይናገራል፤ ውሳኔውም በተናገረው ሰው አሳብ ይጸናል። ዝም ያለው ወንድም ወይም እኅት ግን ካፖርቱን ደርቦ ከወጣ በኋላ «እንዲህ ቢባል ኖሮ» እያለ ያዝናል። አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ማለታቸው ያልታሰበበት ቃል እንዳይወጣ ለመምከር ነው እንጂ፣ ተገቢውን ነገር በተገቢው ጊዜ ከመናገር ለመከልከል አይደለም፤ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉትም እነርሱው ናቸውና።

የዚህ ትምህርት ዋና አሳብ አንድ ነው፤ በሰው ፊት የመናገር ድፍረት ይዘነው የምንወለደው ሀብት ሳይሆን፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ በደረጃ የሚለመድ ሙያ ነው።

1ኛ/ የቅኔ ቤት ምስክርነት

ለዚህ አሳብ ማስረጃ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በጎጃም በዋሸራና በጎንጅ፣ በወሎም በዋድላ ስማቸው የታወቀው የቅኔ ጉባኤያት የኖሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። አዲስ ተማሪ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ይዞ እንዲነሣ አይጠየቅም። የሚጀምረው ባለ ሁለት ቤት በሆነው በጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያም ወደ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ ቀጥሎ ወደ ዋዜማና ወደ ሥላሴ፣ በመጨረሻም ወደ መወድስ ያድጋል። ለብቻው ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ጉድለቱን ያቀናለታል፤ ተማሪውም በማግሥቱ ተመልሶ ይቀርባል። በቤተ ክርስቲያን መካከል ቆሞ ቅኔ በሚያቀርብበት ዕለት የማይንቀጠቀጠው፣ አስቀድሞ ብዙ ጊዜ በትንሽ ጉባኤ ስለ ተንቀጠቀጠ ነው።

በንግግሩ ማማር አፈ ወርቅ የተባለው ቅዱስ ዮሐንስ እንኳ በወጣትነቱ በአንጾኪያ ከሊባንዮስ ዘንድ የንግግርን ጥበብ ተምሯል። አንደበቱ ወርቅ የሆነው ስጦታው በትምህርት ስለ ተሞረደ ነው።

2ኛ/ ፍርሃት እንዴት ይገዛል?

ሰው ብዙ ዓይን ሲያርፍበት ልቡ ይመታል፤ አፉ ይደርቃል፤ ትንፋሹ ያጥራል። ይህ የባሕርይ ድካም ሳይሆን ሰውነት ለፈተና ሲዘጋጅ የሚያሳየው ምልክት ነው። ስለዚህ ዓላማው ፍርሃትን ማጥፋት ሳይሆን ከፍርሃት ጋር ቆሞ መናገርን መልመድ ነው።

ይህንንም በጄኔቭ ከታየው መማር ይቻላል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሰኔ 30 ቀን 1936) ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በቆሙ ጊዜ፣ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አወኩ። ንጉሡ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከፉጨቱ ጋር አልተሽቀዳደሙም፤ ረባሾቹ እስኪወጡና ጸጥታ እስኪሰፍን ድረስ በእርጋታ ጠበቁ። ከዚያም ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ሲሆኑ፣ የተዘጋጁበትን ንግግር በአማርኛ አሰሙ። ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን፤ ንግግሩ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ተናጋሪው ዝምታን አልፈራም፤ ቋንቋውንም በራሱ ፈቃድ መረጠ።

3ኛ/ ልጆቻችን የሚያስተምሩን

በዚህ በሆላንድ አገር በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆቻችን «ስፕሬክቡርት» የሚባለውን ሥራ ያውቁታል። ልጁ ስለ እንስሳ ወይም ስለ ወላጆቹ አገር አንድ ርእስ መርጦ ለጥቂት ደቂቃ በክፍል ጓደኞቹ ፊት ይናገራል፤ ሥዕል ያሳያል፤ ለጥያቄ ይመልሳል፤ ከመምህሩም አስተያየት ይቀበላል። ይህ ከቅኔ ቤቱ ሥርዓት በብዙ ነገር ይለያል፤ አካሄዱ ግን አንድ ነው። እንግዲህ ልጁ በትንሽነቱ የሚለማመደውን፣ ወላጅ በጎልማሳነቱ ቢጀምረው የሚያሳፍር አይደለም።

4ኛ/ የመለማመጃ ደረጃዎች

ሀ. የእኛ ጉባኤ ቃና ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሁን። ለምሳሌ የስብሰባን ቀንና ሰዓት በጉባኤ ፊት ቆሞ ማስታወቅ።

ለ. ሁለተኛው ደረጃ በጽዋ ማኅበር ላይ ባለተራውን በማኅበርተኛው ስም ማመስገን ነው፤ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል።

ሐ. ሦስተኛው የአምስት ደቂቃ ሪፖርት ማቅረብ ነው። እዚህ ላይ መላው ንግግር በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጠቃለል የሚችል አንድ ዋና አሳብ ይኑረው። መጀመሪያውና መጨረሻው በቃል ይጠና፤ መካከሉ በትንሽ ወረቀት ላይ በአራት ወይም በአምስት ቃላት ይመዝገብ። ቆመን፣ ድምፃችንን አውጥተን፣ ሰዓት ይዘን በቤተሰብ ፊት እንለማመደው፤ በዓይን ብቻ የተነበበ ንግግር ገና አልተጠናምና።

መ. አራተኛው በባዕድ ቋንቋ መናገር ነው። በዚህ አገር ነዋሪ የሆነ ሰው አስቀድሞ ተመዝግቦ በማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ለጥቂት ደቂቃ አሳቡን ሊያሰማ ይችላል፤ ይህንም «ኢንስፕሬከን» ይሉታል። ስለ ሠፈራችን ጉዳይ ሲወሰን የእኛ ድምፅ የሚሰማው ከመካከላችን የሚቆም ሰው ሲኖር ነው። የሆላንድኛው ዓረፍተ ነገር አጭር ይሁን፤ ቃል ቢጠፋን ቆም ብለን በሌላ ቀላል ቃል እንተካው።

በየደረጃው ስንቆም ሁለቱን እግሮች አጽንቶ መቆም፣ ከመጀመሪያው ቃል በፊት በረጅሙ መተንፈስና ከአድማጮች የአንዱን ፊት እያዩ መናገር ይረዳል።

5ኛ/ የአድማጭ ድርሻ

ጀማሪ ተናጋሪን የሚያሳድገውም የሚሰብረውም አድማጩ ነው። በተሳሳተ ቃል የሚሳቅበት ሰው ዳግመኛ አይነሣም። ስለዚህ በንግግሩ መካከል እርማት አይሰጥ፤ ከስብሰባው በኋላ ግን ለብቻው አስቀድሞ መልካሙ፣ ቀጥሎም ሊሻሻል የሚገባው አንድ ነገር ይነገረው። ሁልጊዜ የሚናገሩትም አንዳንድ ጊዜ ቦታውን ለአዲሱ ይልቀቁ።

ሁላችንም ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ሁለት ዓረፍተ ነገር እናዘጋጅ። ዝም ብሎ የኖረ ወንድም ወይም እኅት ሲነሣ ደግሞ ጆሯችንን እንስጠው፤ የምንፈልገው ምክር በእርሱ ዘንድ ሊሆን ይችላልና።