የኮምፒውተር ኪቦርድ ሥራ ሲያቆም፦ ለሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤቶች የተዘጋጀ ትምህርት



ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ በቴፒ አካባቢ የሚገኝ የአንድ አጥቢያ ጸሐፊ «ኪቦርዱ ሞተ» ሲሉ ደወሉልን። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት መላኪያ ቀን ደርሷል፤ ኮሚቴውም ከሙዳየ ምጽዋት ገንዘብ አውጥቶ ኮምፒውተሩን ለጥገና ወደ ጅማ ለመላክ ወስኗል። በቦታው ተገኝተን ስናይ ግን ጣሪያው በማፍሰሱ ጠረጴዛው ከቦታው ሲነሣ የኪቦርዱ ገመድ ላልቶ ኖሯል። መልሰን ስንሰካው ሠራ። ይህ ትምህርት የቀረበው የምእመናን ገንዘብ በእንዲህ ያለ ምክንያት እንዳይባክን ነው።

የቀደሙት ጸሐፍት ብርዑ ሲደነዝ ይቀርጹታል እንጂ ብራናውን አይጥሉም ነበር። እኛም ከቀላሉ ጀምረን በቅደም ተከተል እንመርምር።

1. ግንኙነቱን መመርመር። ኪቦርዱን ነቅሎ በሌላ የዩኤስቢ ማስገቢያ መሰካት ይገባል። መሰኪያው ክብና ሐምራዊ የሆነ የቆየ ዓይነት ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ መንቀልም መሰካትም አይገባም። ገመድ አልባ ከሆነ ባትሪውን፣ ማብሪያውንና በኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካውን ትንሽ መቀበያ ማየት ነው። ቀጥሎ የኑም ሎክ ቁልፍ ይጫኑ፤ መብራቱ ከበራና ከጠፋ ኪቦርዱና ኮምፒውተሩ ይገናኛሉ፤ ችግሩም ከሌላ ነው። ምላሽ ከሌለ በሌላ ኮምፒውተር ይሞክሩት፤ በዚያ ከሠራ ጉድለቱ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ነው፤ በዚያም ካልሠራ የኪቦርዱ ነው።

2. ሳይታወቅ የተለወጠ ቅንብር። በዊንዶውስ የቀኙን ሺፍት ለ8 ሰከንድ ተጭኖ መቆየት «ፊልተር ኪይስ» የተባለውን አሠራር ያስነሣል። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ፈጣን ምትን ስለማይቀበል ኪቦርዱ የሞተ ይመስላል። ያንኑ ቁልፍ እንደገና ለ8 ሰከንድ መጫን ይመልሰዋል። በአንዳንድ ላፕቶፖች ደግሞ ኑም ሎክ ሲበራ ፊደላት በቁጥር ይተካሉ፤ ማጥፋት ብቻ ይበቃል።

3. የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌር። መሠረታውያን ፊደሎቻችን 33 ናቸው፤ በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ኪቦርዱ ላይ ያሉት የላቲን ፊደላት ግን 26 ብቻ ስለሆኑ፣ ቁልፎቹን አጣምሮ ፊደል የሚያወጣው እንደ ፓወር ግዕዝና ኪይማን ያለ ሶፍትዌር ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛው እየጻፈ አማርኛው እንቢ ካለ ኪቦርዱ ጤነኛ ነው፤ ሶፍትዌሩን ዘግቶ መክፈት ነው። የተላከው ጽሑፍ በባዶ ሣጥኖች ወይም በማይነበቡ ምልክቶች ከታየ ደግሞ ጉድለቱ የፎንት ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ወደ ዩኒኮድ ገብቷልና፣ ሪፖርት በዩኒኮድ ቢጻፍ በሀገረ ስብከትም በኮሚሽኑም ያለ ችግር ይነበባል።

4. ቡና ሲፈስ። በቡና አገር ይህ የተለመደ አደጋ ነው። ስኳር ቁልፎችን ያጣብቃል፤ ጨው ብረቱን ያዝጋል። ኪቦርዱን ወዲያው ነቅሎ መገልበጥ፣ በንጹሕ ውኃ በራሰ ጨርቅ መጥረግ፣ ቢያንስ ለ2 ቀን በጥላ ማድረቅ ይገባል። እሳት ዳር ወይም ጠራራ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። የፈሰሰው በላፕቶፕ ላይ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅሎ ወዲያው ማጥፋትና ባለሙያ ሳያየው አለማብራት ነው፤ «እስኪ ልሞክረው» ማለት የመዝገብ ሰነዶችን እስከማጣት ሊያደርስ ይችላል።

5. ሪፖርቱ ካልቆየ። ዊንዶውስ በማውስ የሚጻፍበት የስክሪን ኪቦርድ አለው። የምስጢር ቃል በሚጠየቅበት ገጽም በቀኝ ግርጌ ካለው የተደራሽነት ምልክት ይገኛል። በዚህ መንገድ ገብቶ የጥምቀት፣ የጋብቻና የሒሳብ መዝገቦችን በፍላሽ መገልበጥ ከጥገናው ሁሉ ይቀድማል፤ ኪቦርድ በገንዘብ ይተካል፣ የጠፋ መዝገብ ግን አይተካም።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት አንድ ትርፍ የዩኤስቢ ኪቦርድ ቢይዝ፣ ከሥራ በኋላ ኪቦርዱን በጨርቅ ቢሸፍን፣ የቡናውንም ረከቦት ከጠረጴዛው ቢያርቅ መልካም ነው። ኮሚቴዎች ኮምፒውተር ለጥገና ከመላካቸው በፊት እነዚህ አምስት ነጥቦች መታየታቸውን በቃለ ጉባኤ ቢያሰፍሩ፣ የምእመናንን አደራ በአግባቡ ጠበቁ ማለት ነው።