ቀይ ቀበሮ ወዴት ይሽሽ?

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ አንድ ጥያቄ ተነሣብን። የዓለም ሙቀት ሲጨምር የደጋ አውሬ ወዴት ይሸሻል? ወደ ላይ አልን። ተራራው ሲያልቅበትስ? ዝም አልን።

ቀይ ቀበሮ የሚገኘው በአገራችን ብቻ ነው። ኑሮው ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። ውርጩ ሲቀንስ ገብስ ዘሪውም ወደ ላይ ይከተለዋል። ሙቀቱን ብቻችንን አናቆመው፤ የእርሻውን ወሰን መወሰን ግን በእጃችን ያለ የሕግ ጉዳይ ነው።

የመንዙን ጓሳ እንይ። ቄሮ በሚባለው የአጠባበቅ ሥርዓት ሕዝቡ ሣሩን ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋና በድርቅ ጊዜ ከፍቶ ያጭድ፣ ከብቱን ያሰማራ ነበር። ለቀበሮ ታስቦ እንዳይመስላችሁ! ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለግጦሽ ነው። ቀበሮው በዚያው ተጠለለ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ድርሻ ያልነበረውም ገባበት፤ ይህ ፍትሕ ነው፤ ጓሳው ግን ጠባቂ አጣ። በኋላ ኅብረተሰቡ ደንብ አውጥቶ እንደገና መጠበቅ ጀመረ፤ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

እኛ ግማሻችን ዘብ ይቁም፣ ግማሻችን አጫጁ ራሱ ይጠብቀው ብለን እስከ ደወል ተከራከርን። በድርቅ ዓመት ከብቱ የተራበበት ሰው ማንን ይበልጥ ያፍራል፤ ዘቡን ወይስ ጎረቤቱን? መልስ ያላችሁ ከዚህ ሥር ለጥፉልን።