የቡቺ እግር ሊቆረጥ ነው፤ ባለቤቱን እንዴት እናግዛት?

«ቡቺን እግሩን ሊቆርጡት ነው» ብላ ስትደውልልኝ ሽሮ እያማሰልኩ ነበር። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ሸጉጬ «ውይ! ታዲያ እንዲህ ከሚንገላታ ለምን በመርፌ አያሳርፉትም?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «እሺ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ላምጣ» ብላ ዘጋችው። ሦስት ቀን አልደወለችልኝም።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ ባደግሁበት ቤት ውሻ የግቢ ዘበኛ ነበር፤ ቀን ታስሮ የሚውል፣ ማታ የሚፈታ፣ ፍርፋሪና አጥንት የሚወረወርለት። የኛም ውሻ ቡቺ ነበር ስሙ፣ የጎረቤትም ቡቺ። የጓደኛዬ ቡቺ ግን የሮትዋይለር ድቅል፣ ዕድሜው ዘጠኝ፣ ታናሽ ልጇ ጀርባውን ተደግፎ መቆም የተማረበት ውሻ ነው። በዚያ ስልክ ላይ ያልገባኝ ይኼ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ወራት ካበላሸሁትም ካቃናሁትም የተማርኩትን በቅደም ተከተሉ ልጻፈው፤ ዘመድዎ ወይም ጎረቤትዎ እንዲህ ያለ ስልክ ቢደውልልዎ ይጠቅምዎ ይሆናል።

አንደኛ፦ ምክርዎን ይዋጡት

«ውሻ አይደል እንዴ?»፣ «ሰው በሚራብበት ዓለም?»፣ «ሌላ ትገዣለሽ»። እነዚህ ሦስቱ ከአፍዎ እንዳይወጡ። የኔንም ጥያቄ አራተኛ አድርገው ይጨምሩት። በመርፌ ማሳረፍ አንዱ መንገድ መሆኑን ባለቤቱ ከእርስዎ በፊት አስባዋለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታስበው ነው ያደረችው።

የሚባለውማ ጠፍቶን አይደለም። ጥየቃ እናውቃለን። ሰው ሲታመም ሄደን እንቀመጣለን፣ ስለ ሕመሙ እስኪነግሩን እንጠብቃለን፣ የያዝነውን ወጥ ቤት አስቀምጠን እንወጣለን። ያንኑ ማድረግ ነው። በአራተኛው ቀን በሯን አንኳኩቼ ገባሁና ሌላ ቃል ስለጠፋኝ «እግዜር ይማረው» አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። ቡቺ የታመመውን የፊት እግሩን ከመሬት አንሥቶ፣ በሦስቱ እየነጠረ መጥቶ እጄን አሸተተኝ።

ሁለተኛ፦ ምን እንደያዘው ይወቁ

ይህን ደረጃ አይዝለሉት። በሽታውን ያላወቀ ሰው ደግነቱ ራሱ ይጎዳል። ውሾች ላይ ከአጥንት ከሚነሱ ነቀርሳዎች ዋናው ኦስቲዮሳርኮማ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ትልልቆቹን ነው፦ ሮትዋይለር፣ ግሬት ዴን፣ ሴንት በርናርድ፣ ግሬይሃውንድና የመሳሰሉትን። በፊት እግር ላይ ከትከሻው ሥር ወይም ከመዳፉ በላይ ካለው መገጣጠሚያ አጠገብ፣ በኋላ እግር ላይ ደግሞ በጉልበቱ ዙሪያ መውጣት ይወዳል። አጀማመሩ ያታልላል። ውሻው ያነክሳል፣ «ሲዘል ወለም ብሎት ነው» ይባላል፣ ማስታገሻ ሲሰጠው ለሳምንት ይሻለዋል፤ ከዚያ እብጠቱ ይመጣል። ቡቺም ወር ተኩል እንዲሁ አሳልፏል፤ ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ራሷን የምትወቅሰው በዚያ ወር ተኩል ነው።

እግሩ የሚቆረጠው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው «ካንሰሩን ነቅሎ ለማውጣት» ይላል። እውነታው መራራ ነው፤ በሽታው በታወቀበት ቀን ከአሥሩ ውሾች በዘጠኙ ላይ ለዓይንም ለራጅም የማይታዩ ሕዋሳት ወደ ሳንባ ሄደዋል ተብሎ ነው የሚታሰበው። እግሩ የሚወገደው በዋናነት ሕመሙን ለመገላገል ነው። የተበላው አጥንት ቀንና ሌሊት ይጠዘጥዛል፣ በአንድ የተሳሳተ እርምጃም ሊሰበር ይችላል። በቀዶ ጥገና ብቻ የታከሙት ግማሾቹ ከአራትና አምስት ወር በላይ ይኖራሉ፤ ኬሞ ሲታከልበት ይህ ቁጥር ወደ አሥርና አሥራ ሁለት ወር ይደርሳል፤ ከአምስቱ አንዱ ያህል ሁለት ዓመት ያያል። አሜሪካ ውስጥ ጄሪ የሚባል የጀርመን እረኛ ድቅል እ.ኤ.አ. በ2006 እግሩ ተቆርጦ ሁለት ዓመት ገደማ በሦስት እግሩ ኖሯል።

እነዚህን ቁጥሮች ለራስዎ ይያዟቸው። ባለቤቷ ካልጠየቀች በቀር አይንገሯት፤ ከሐኪሙ ሰምታቸዋለች።

ሦስተኛ፦ ሐኪሙ ዘንድ አብረው ይግቡ

ጓደኛዬ ነርስ ናት። ያም ሆኖ ከዚያ ክፍል ስትወጣ ከተነገራት ሁሉ የያዘችው «ካንሰር» የሚለውን ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀጠሮ ደብተር ይዤ ገባሁ። ከቤት ጽፈን የሄድነው ጥያቄ ይኼ ነው፦ ሳንባው በራጅ ታይቷል ወይ፣ ከሦስት አቅጣጫ? ሌሎቹ ሦስት እግሮቹና ወገቡ ደህና ናቸው ወይ? ናሙና ተወስዶ ይመረመራል ወይስ ራጁ ብቻ ይበቃል? ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሌሊት የሚያድርበት ቦታ ሰው አለ? ለቤት የሚሰጠው ማስታገሻ ስንት ዓይነት ነው፣ ለስንት ቀን? ካልተቆረጠስ ምን ምን መንገድ አለ?

የመጨረሻዋን ጥያቄ እኔ እንድጠይቅላት ነገረችኝ፤ እሷ አፏን አላላቀቃትም። መልሱም ነበረ። ሕመም የሚያስታግስ ጨረር፣ አጥንቱን ለጊዜው የሚያጠነክር በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት፣ ሁለትና ሦስት ዓይነት ማስታገሻ በአንድ ላይ። ክብደቱ ከልክ ያለፈ ወይም ሌሎቹ እግሮቹ በመገጣጠሚያ በሽታ የደከሙ ውሻ ባለቤት ይህን ቢመርጥ ማንም ሊፈርድበት አይገባም።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ፦ ቀዶ ጥገናውና ኬሞው ተደምረው በብዙ ሺህ ዶላር ይቆጠራሉ፣ የእንስሳት መድን ደግሞ ከበሽታው በኋላ ቢገባ ለዚያ በሽታ አይከፍልም። በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች፣ ለምሳሌ ፎርት ኮሊንስ ባለው በኮሎራዶ ስቴት ወይም ሮኖክ ባለው የቨርጂኒያ ቴክ የእንስሳት ካንሰር ማዕከል፣ ወጪ የሚቀንስ የሙከራ ሕክምና ክፍት ከሆነ መጠየቅ ነው። እኛ ያደረግነው ቀላል ነበር፤ የዕቁብ ተራዬን ለወጥኳት። አንዷ አባል «ለውሻ ነው?» ብላ አጉረመረመች። ገንዘቡ የራሷ ነው አልናት፤ አለቀ።

አራተኛ፦ ውሻው ሆስፒታል ሳለ ቤቱን ያሰናዱ

ይህ የወዳጅ ሥራ ነው፤ ባለቤቷ ያን ቀን ስልኳን ይዛ ከመንቆራጠጥ ሌላ አትችልም። የሦስት እግር ውሻ ትልቁ ጠላት የሚያንሸራትት ወለል ነው። ከመተኛው እስከ ውኃው፣ ከውኃው እስከ በሩ፣ ሳይቋረጥ ምንጣፍ ያንጥፉ። ርካሹ መላ የዮጋ ምንጣፍ ነው፤ ስድስት ገዝተን ኮሪደሩን ሞላነው። ደረጃውን በሕፃናት መከልከያ በር ዝጉት። ሶፋው ላይ እንዳይዘል ትራሶቹን አንሥተን ወንበር ገለበጥንበት። የምግቡንና የውኃውን ሳህን ከፍ ማድረግ በተለይ የፊት እግሩ ለተቆረጠ ይረዳል፤ ውሻ ከክብደቱ ስድሳ በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ስለሆነ ወደ ታች ሲያጎነብስ በአፍንጫው ሊደፋ ይችላል። ወፈር ያለ ፎጣም ያዘጋጁ፤ ሲቆም በሆዱ ሥር አሳልፈው ከላይ ይደግፉታል።

ልጆች ካሉ ያን ምሽት ይነገራቸው። በለስላሳ ቃል መሸፋፈን አያስፈልግም። «እግሩ በጣም ስላመመው ሐኪሞቹ አነሡለት» ይበቃል። ታናሹ «የት አስቀመጡት?» ብሎ ጠየቀ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች ተያየን፤ መልስ አልነበረንም።

አምስተኛ፦ የሁለቱ ሳምንት ጭንቅ

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚያስፈልጋት። ብዙ ውሾች በማግሥቱ ይቆማሉ፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥም ቤታቸው ይገባሉ። ሲገቡ ግን እይታው ያስደነግጣል። የፊት እግር ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ የትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት አብሮ ይወጣል፤ ጎኑ ተላጭቶ፣ ረጅም ስፌት ተጋድሞበት፣ ዙሪያው በልዞ ያያሉ። አስቀድመው ይንገሯት። ሳትነገር ካየች «ምን አደረግሁት?» ትላለች። ተነግሯትም ትላለች፤ ግን ለብቻዋ አይሆንም።

በሦስተኛው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። ቡቺ ያለማቋረጥ ያለከልካል፣ ይተኛና ይነሣል፣ ያላዝናል። ልብሴን ደርቤ ሄድኩ። ደብተሩን ገልጠን ስናይ የአሥራ ሁለት ሰዓቱን ክኒን ማን እንደሰጠው አልተጻፈም፤ ባል ሚስት ሰጠች ብሏል፣ ሚስት ባል። አልተሰጠውም ነበር። ሌሊት ወደሚሠራው ሆስፒታል ደውለን በነገሩን መሠረት ሰጠነው፤ ሲነጋጋ እንቅልፍ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጠፍን፦ ሰዓት፣ መድኃኒት፣ የሰጠው ሰው ስም። ለወዳጅዎ አንድ ነገር ብቻ ማድረግ ከቻሉ ይህን ወረቀት ይለጥፉላት።

ስለ መድኃኒት ሌላም አለ። ታይለኖልና አድቪል፣ የሰው ማስታገሻ ሁሉ፣ ለውሻ መርዝ ሊሆን ይችላል። «ግማሽ ክኒን ምን ያደርገዋል» የምትል አክስት ከመጣች እጇን ይያዙ።

ጠንካራ ማስታገሻ አንጀት ያደርቃል፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለሦስትና አራት ቀን ካካ ባይል የተለመደ ነው። በስፌቱ ሥር ውኃ ቋጥሮ እንደ ፊኛ ለስለስ ብሎ የሚያብጥም አለ፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል፣ ግን ፎቶ አንሥቶ ለሐኪሙ መላክ ነው። ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ከሸተተ፣ ከተከፈተ፣ ወይም ድዱ ከነጣ ፎቶ ምን ያደርጋል፤ መኪና አስነሡ። ቁስሉን እንዳይልስ በአንገቱ ዙሪያ የሚደረገውን ፕላስቲክ «አሳዘነኝ» ብለው አያውልቁለት። ስፌቱ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ውስጥ ይወጣል፤ እስከዚያ ለሽንት ብቻ ይውጣ፣ በማሰሪያ፣ ለአጭር ጊዜ።

በነዚህ ቀናት እርስዎ ውሻውን አይደለም የሚይዙት። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያምጡ። ሁለት ሰዓት ውሻው አጠገብ ቁጭ ብለው እሷን ያስተኟት።

ስድስተኛ፦ የሐበሻ እጅ ይታገሥ

እንግዳ በመጣ ቁጥር ለታማሚው ጉርሻ ይቀርባል፤ ባህሪያችን ነው። ወጣችን ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ዘቢብም ለውሻ ኩላሊት አደገኛ ነው። ሳይቀመም የተቀቀለ የዶሮ ሥጋና ሩዝ በትንሹ ይበቃል። ደግሞም በሦስት እግር የሚሄድ ውሻ መወፈር የለበትም፤ እያንዳንዱ ኪሎ በቀሩት መገጣጠሚያዎች ላይ ነው የሚያርፈው። በሩ ላይ «ቡቺን አታጉርሱ» ብዬ በአማርኛ ጽፌ ለጠፍኩ። ሊጠይቁ የመጡ አንዲት እማማ አንብበው «እኔንም ነው?» አሉ። እሳቸውንም ነበር።

ሰባተኛ፦ ኬሞ

ብዙውን ጊዜ ካርቦፕላቲን ነው፤ በየሦስት ሳምንቱ፣ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ። በሰው ላይ እንዳየነው አይከብድም፤ የብዙዎቹ ፀጉር አይረግፍም፣ ማስታወክና ተቅማጥ ቢመጣ በአብዛኛው ቀናት ነው። ከመርፌው አንድና ሁለት ሳምንት በኋላ ነጭ የደም ሕዋስ ስለሚቀንስ ያኔ ከደከመውና ካተኮሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። ከሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን በጓንት ያንሡ፤ እርጉዝ ሴት እንዳትነካው። እዚህ ላይ የወዳጅ ድርሻ ማመላለስ ነው።

ስምንተኛ፦ መጨረሻው ሲቀርብ

ቡቺ አሥራ አንድ ወር ኖረ። በስድስተኛው ሳምንት ከልጆቹ ጋር ይሮጥ ነበር፤ መቆም ላይ እንጂ መሮጥ ላይ ሦስት እግር መሆኑ አይታወቅበትም ነበር። በመጨረሻ ማሳል ጀመረ፣ ራጁ ላይ ሳንባው ነጠብጣብ ሆነ። ያኔ ጓደኛዬ ቀን መቁጠሪያ ላይ ጥሩ ቀንና መጥፎ ቀን ታሰምር ጀመር፤ በልቷል? ጅራቱን ቆልቷል? ሌሊት ተኝቷል? መጥፎዎቹ በርከት ሲሉ ሐኪሟ ቤት ድረስ መጣች። እኔ ቡና አፈላሁ። ያን ጊዜ ምንም አልመከርኩም።

በማግሥቱ እየጠረግሁ ኮሪደሩ ላይ ያሉትን ምንጣፎች ልጠቀልል ጎንበስ ስል «ተይው» አለችኝ። ስለዚህ ይህንም ይጻፉት፦ ሳህኑን፣ ማሰሪያውን፣ ምንጣፉን ሳይጠይቁ አያንሡ። ስድስቱ የዮጋ ምንጣፎች እስከ ፋሲካ ዋዜማ ተነጥፈው ቆዩ። ታናሹ ልጅ ነው አንድ በአንድ ጠቅልሎ ጋራዥ ያስገባቸው፤ አንዱን ግን አልጋው ሥር አስቀረው።